ካልደወልኩ ሰላም ነው

ሰልማ የእህቷን ስልክ ያነሳችው እየሳቀች ነበር። ሰኪና ስልክ ስትይዝ ገደል ማዶ ላለ ሰው እንደምትጣራ ነው የምትጮኸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ድረስ ያለ ስልክ ይሰማል እያሉ ቤተሰቡ ሁሉ ይስቁባታል።

«እታለም! ስሚኝማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ!»

«መቼ ታመምሽና ነው ደህና የሆንሽው?» አለች ሰልማ። ከሰኪና ጀርባ የገበያ ጫጫታና የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል።

«አይ፣ ትናንት ትንሽ ደም አይቼ ነበር። ኧረ ብዙ አይደለም! ብነግርሽ እንደምታብጂ ስለማውቅ ነው ያልነገርኩሽ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ምስጋናው በአልትራሳውንድ አየኝና ምስሉን ወደ እናንተ ላከው። ይኸው ከትናንት ጀምረን ጠበቅን፣ ጎንደር ዝም አለ። እንግዲህ ሰላም ነው ማለት ነዋ! የኢምራን እናት በቅሎ ይዛልኝ መጥታለች፤ አሁን ወደ እሷ ቤት ልንወርድ ነው። እዚያው ነው የምወልደው። ባትሪዬ ሊዘጋ ነው፣ ደግሞ እዚያ…»

«ሰኪና! የምን ምስል? ማነው ዝም ያለው? ቆይ አንቺ!»

ስልኩ ጠፋ። ሰልማ መልሳ ደወለች፤ የለችም። ደግማ ደወለች። ያቺ የቴሌ ሴትዮ፣ ሰው ቢሞትም ቢድንም ድምጿ የማይለወጠው፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለቻት። የሰኪና ባል ኢምራን ደግሞ ለንግድ መተማ ወርዷል፤ የእሱም ስልክ ያው ነው።

ጊዜው የሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ነው። ሰልማ ፒያሳ ላይ ባለው የሐጂ አብዱልመናን ክሊኒክ የኔትወርክ ሠራተኛ ናት። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከሱቃቸው በላይ ያሉትን ሁለት ፎቆች ክሊኒክ ሲያደርጓቸው ከተማው ሁሉ ስቆባቸው ነበር። ክሊኒኩ ግን ሠራ። በተለይ ዶክተር ዓይናለም የምትባል የማህፀን ሐኪም ካመጡ ወዲህ፣ ስፔሻሊስት ከሌላቸው የወገራ ጤና ጣቢያዎች የአልትራሳውንድ ምስል በኢንተርኔት እየተላከላት ጎንደር ቁጭ ብላ ታያለች። ያን መስመር የዘረጋችው ሰልማ ናት። በዚህም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ትኮራበታለች።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወደ ዶክተሯ ክፍል ወጣች።

«ዶክተር፣ ትናንት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ምስል አይተዋል? የእህቴን? የሰኪናን?»

«ከአምባ ጊዮርጊስ? ምንም የለም» አለች ዶክተር ዓይናለም ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «ክረምቱ ከገባ ወዲህ እኮ አልፎ አልፎ ነው የሚልኩት። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሴቶቹ አይመጡም ብዬ ነው። ምነው?»

«ልከናል እያሉ ነው። ደግሞ ዝም ስላሉ ደህና ናት ተብላ ወደ አማቷ ቤት እየወረደች ነው። ደም አይታለች፣ ዶክተር።»

ዶክተሯ ቀና አለች። «ስንተኛ ወሯ ነው?»

«ዘጠኝ ገብታለች።»

ዶክተር ዓይናለም መነጽሯን አወለቀች። ሰልማ ይህችን ሴት ታውቃታለች፤ መነጽሯን የምታወልቀው ለቤተሰብ ክፉ ነገር ልትናገር ስትል ነው። ሰልማ የበሩን መቃን ያዘች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዶክተሯና በአምባ ጊዮርጊሱ ጤና መኮንን በምስጋናው መካከል አንድ ስምምነት ነበር። የተራራው ስልክ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም፤ ሐኪሟም ስለ እያንዳንዷ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ልደውል ብትል ሌላ ሥራ አትሠራም። ስለዚህ ገና ሲጀምሩ «ክፉ ነገር ካየሁ በማግሥቱ እስከ ምሳ ሰዓት እደውላለሁ። ካልደወልኩ ሰላም ነው» ብላው ነበር። ምስጋናውም እሺ አለ፤ ለሴቶቹም እንዲሁ ብሎ ይነግራቸዋል። ሸጋ ስምምነት ነበር፣ ምስሉ እስከ ደረሰ ድረስ። ምስሉ ካልደረሰስ? ያን ያሰበ ሰው አልነበረም። ጎንደር ምስል ሲጠፋ ታማሚ የለም ይላል፤ አምባ ጊዮርጊስ ስልክ ሲጠፋ ሰላም ነው ይላል፤ ሁለቱም ወገን ደስ ብሎት ቁጭ ብሏል።

«ያ ረቢ» አለች ሰልማ።

እናታቸው የሞተችው ሰኪናን ስትወልድ ነው። ሰልማ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ግን ከዚያ ቀን ያልረሳችው ነገር አለ። ሴቶች ከመኝታ ቤት በሰፌድ የሸፈኑት ሳፋ ይዘው ሲወጡ፣ አንዷ ሰልማን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሳፋው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲያ ሰኪናን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት።

ዶክተሯ ምስጋናው ጋ ደወለች። ከብዙ ሙከራ በኋላ ተገኘ።

«ልኬዋለሁ እኮ ዶክተር!» አለ። «ሄዷል፣ ደርሷል ብሎ አረንጓዴ ምልክት አሳይቶኛል። እናንተ ጋ ሳይደርስ እንዴት ደርሷል ይላል?»

«አንተ በዓይንህ ምን አየህ?»

«እኔማ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ያለ መስሎኝ ነበር። ግን የኔ ዓይን የእርስዎ አይደለም። ለዚያ ነው የላክሁት፤ ሳይደውሉ ሲቀሩ ተሳስቻለሁ ብዬ ተውኩት።»

«አሁኑኑ እንደገና ላከው።»

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ምስሉ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ሞቷል። ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ የለውም።»

ሰልማ ስልኩን ከዶክተሯ እጅ ነጠቀቻት ማለት ይቻላል። «ምስጋናው፣ በአላህ፣ ሂድና መልሳት! ሞተር ብስክሌት የለህም?»

«ሰልማ፣ አልጋ ላይ ምጥ የያዛት ሴት አለችኝ። ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። እዚህ ያለነው እኔና አንዲት አዲስ ነርስ ብቻ ነን፤ አምቡላንሱም ዳባት ሄዷል።»

«ሌላ ሰው ላካ! ዘበኛውን!»

«የኢምራንን እናት አታውቂያትም እንዴ? በዘበኛው በአያ የሻው ቃል የምትመለስ ሴት ናት? ትናንት እንኳ እቤቴ ትውለድ ብላ ስትጨቃጨቀኝ ነው የዋለች። ደህና ናት ብዬ የሸኘሁት እኔ፣ ራሴ ካልሄድሁ አትሰማም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እርግጡን ንገሩኝና ክንፍ አውጥቼ በረርሁ። ግን ምናልባት ለሚባል ነገር ይችን ሴት ጥያት ልሂድ? ዶክተር፣ ልሂድ?»

ዶክተር ዓይናለም ስልኩን ከሰልማ እጅ መልሳ ወሰደች። ሂድ ብትለው እዚያ ያለችውን ገደለቻት ማለት ነው፤ ቅር ብትለው ሰኪናን።

«ትንሽ ጊዜ ስጠን» አለችና ወደ ሰልማ ዞረች። «ምስሉ የት እንደገባ ማግኘት ትችያለሽ? የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶት ከሆነ፣ ምጥ በጀመራት ሰዓት ደሙ አይቆምም። ካልዘጋው ምንም አትሆንም፤ በደስታ ትውረድ። ሳላይ ግን አላውቅም። በቅሎዋ ከሸንተረሩ ወዲያ ከወረደች ደግሞ ስልክም ሞተርም የለም።»

ሰልማ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጠች።

የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ሁሉ በውጭ ዓለም የሚታወቁት በአንድ አድራሻ ነው። አንድ በር ብቻ ያለው ትልቅ ግቢ በሉት። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ፋየርዎል ይባላል። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ምስል በሩን ሲያንኳኳ፣ ዘበኛው የውጭውን አድራሻ ፍቆ የውስጡን ይጽፍበትና «ለአርባ አራት ቁጥር» ብሎ ያስገባዋል። አርባ አራት ቁጥር የዶክተሯ ምስሎች የሚቀመጡበት ሰርቨር ነው። አድራሻ መተርጎም የሚባለው ሥራ ይኸው ነው፤ ዘበኛው አንዲት ቁጥር ከተሳሳተ ምስሉ የትም ይቀራል።

ሰልማን ያስፈራትም ይኸው ነበር። አሮጌውን ፋየርዎል ሐምሌ ላይ መብረቅ አቃጥሎት፣ አዲሱን ገጥማ ደንቡን ከባዶ የጻፈችው እሷ ናት። በዚያ ቀን ራሷን አሟት ነበር። አንድ ቁጥር ዘልዬ ይሆን? እያለች የይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ አሳስታ በሦስተኛው ገባች።

ደንቡን አነበበችው። ትክክል ነው። ድምፅ አውጥታ ቁጥር በቁጥር አነበበችው። ትክክል ነው። ፋየርዎሉ ያሳለፈውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ገጽ ከፈተች፤ ትናንት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ግንኙነት አለ። በሩን አንኳኳ፣ አድራሻው ተተረጎመ፣ ለአርባ አራት ተሰጠ፤ አርባ አራትም ተቀበልኩ ብሎ መለሰ። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሥራ አይገኝም።

ወደ ሰርቨሩ ዞራ ተመለከተች። ሰርቨሩ ትናንት ከማንም ምንም አልተቀበለም።

«አንተ ውሸታም» አለችው። ግን ማንኛቸውን እንደምትሰድብ አታውቅም፤ ዘበኛው ሰጠሁት ይላል፣ ባለቤቱ አልደረሰኝም ይላል። በመስኮቱ ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል። በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ነጎድጓድ ሲያጉረመርም በቅሎዋ ስትንሸራተት ታያት። ሰኪና ሆዷን ይዛ ስትጮህ ታያት። እንባዋ እየወረደ ነው የምትሠራው፤ መጥረጊያ ጊዜ የላትም።

በራሷ ሞባይል ኢንተርኔት ከውጭ እንደመጣ ሰው ሆና ሞከረች። በሩን አንኳኳች፣ ገባች፣ አርባ አራት «አቤት» አላት። ፍጹም ጤነኛ! ታዲያ ምን ጉድ ነው? የታመመ ነገር ቢኖር ትታከመው ነበር፤ ሁሉም ነገር ጤነኛ ነኝ የሚልበት በሽታ ነው የገጠማት።

ዶክተሯ ከኋላዋ መጥታ ቆማለች። «ሰልማ…»

«ቆይ! እባክዎ፣ ቆይ» አለች ሰልማ ሳትዞር። ለዶክተር ዓይናለም እንዲህ ተናግራ አታውቅም።

ከዚያ ከንዴትም ከተስፋ መቁረጥም የተነሳ፣ ወደ ሰርቨሩ ሄዳ የኔትወርኩን ገመድ ከጀርባው ነቀለችው። ሰርቨሩ አሁን ከዓለም ተቆርጧል። ገመዱን በግራ እጇ እንደያዘች በቀኝ እጇ ፋየርዎሉን አዘዘችው፤ አርባ አራትን ጥራው።

አርባ አራት መለሰ።

ሰልማ ገመዱን አየችው። እጇ ላይ ነው፣ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ደግማ ጠራች። አሁንም መለሰ፤ ፈጥኖ፣ እዚያው ጎረቤት እንዳለ ሰው። ሞቶ የተቀበረ ሰው ከደጅ ሆኖ አቤት ቢልህ ማለት እንዲህ ነው።

«ቢስሚላህ» አለች። «ማነህ አንተ?»

«ምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ፣ እሷም ሳታውቀው በሹክሹክታ።

«ሌላ አርባ አራት አለ። እዚሁ ሕንጻ ውስጥ። ምስሎቹን የሚወስደው እሱ ነው።»

ሰልማ ለሰርቨሩ አርባ አራት ቁጥርን ስትሰጠው ብዙ አላሰበችም። ሙስሊም ናት፤ ግን ጎንደር ተወልዶ ስለ አርባ አራቱ ታቦት ሲወራ ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? በዚህ ከተማ አርባ አራት ማለት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሰው ቢጠየቅ ሳያስብ ከአፉ የሚወጣው እሱ ነው። ማንም አይረሳውም ብላ ነበር የመረጠችው። እና ሌላ ሰው፣ እንደሷው የጎንደር ልጅ፣ ለሌላ ማሽን የማይረሳ ቁጥር ቢፈልግ ምን ይመርጥ ነበር? ሰልማ ግንባሯን መታች። በዚህ ክሊኒክ ከሷ ሌላ ኮምፒውተር የሚነካካ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአልትራሳውንድ ቴክኒሻኑ ታከለ። ዛሬ ደግሞ የእረፍት ቀኑ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ካለው ቤቱ ነው።

ደወለች። ታከለ እያዛጋ አነሳ።

«ታከለ፣ ኮምፒውተር የት ነው ያስቀመጥከው? ሳትነግረኝ ኔትወርክ ላይ የሰካኸው?»

«ምነው ሰላምታ የለም እንዴ? የቷን? የመለማመጃዋን ነው? ለተማሪዎቹ ብዬ መጋዘን ውስጥ የተከልኳት አለች። እንደዶክተሯ ሰርቨር አድርጌ ነው የጫንኳት፣ ያው እንዲለምዱ። ክረምቱ ሲገባ ተማሪዎቹ ሄዱ፣ እሷ ግን…»

«ስንት ቁጥር ሰጠሃት?»

«አርባ አራት ነዋ!» ሳቀ። «የጎንደር ሰው ሌላ ምን ይሰጣል?»

ሰልማ አልሳቀችም። ነገሩ አሁን ቁልጭ ብሎ ታያት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ማሽኖች ይነሳሉ። ሰርቨሩ ትልቅ ነው፣ ለመነሳት ይጎተታል፤ የመለማመጃዋ ትንሽ ናት፣ ቀድማ ትነቃለች። ቀድማ የነቃችው አርባ አራት እኔ ነኝ ትላለች፣ ፋየርዎሉም ያምናታል። ክረምት ነው፤ በጎንደር መብራት ስንት ጊዜ ይሄዳል! የወገራ ሴቶች ምስል ሰው በሌለበት መጋዘን ሲራገፍ ከርሟል፤ ማሽኗም ጨዋ ናትና ለእያንዳንዱ ደርሶኛል እያለች መልሳለች።

«ቁልፉ የት ነው?»

«ኪሴ ውስጥ። ምን ተፈጠረ? ሰልማ?»

ከፀዳ ፒያሳ ባጃጅ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል። ሰልማ ስልኩን ዘግታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የመጋዘኑ በር የድሮ የጣሊያን እንጨት ነው፤ በትከሻዋ ብትገፋው አልነቃነቅ አለ። ከበሩ ኋላ የማሽኗ ማራገቢያ ሲያጉረመርም ይሰማታል። እዚያ ናት፣ እዚያ! በጡጫዋ ደበደበችው።

ሐጂ አብዱልመናን ጩኸት ሰምተው ከሱቃቸው መጡ። ሐጂ አንድ አምፖል ያለአግባብ በርቶ ካዩ ሰው የሚቆጡ ሰው ናቸው፤ የክሊኒኩ ሠራተኛ ከሳቸው ፊት በር እንኳ በኃይል አይዘጋም።

«ምን ሆናችሁ? ልጄ፣ ምነው?»

«ሐጂ፣ የሰኪና ምስል እዚህ ውስጥ ነው። ደም እየፈሰሳት ይሆናል። ቁልፉ ፀዳ ነው።»

ሐጂ ለአፍታ ፊቷን አዩ። ከዚያ ወደ ሱቁ ዞረው ጮኹ፤ «የመዝጊያውን ብረት አምጡልኝ!» ብረቱ ሲመጣም ለማንም አልሰጡም፤ በሰባ ዓመታቸው ራሳቸው ቁልፉ ሥር ሰክተው ተንጠለጠሉበት። «በሩ የኔ አይደል? የማንን ፈቃድ ነው የምትጠብቁት? እኔ የእናታችሁን ጀናዛ የተሸከምኩ ሰው ነኝ» አሉ እያቃሰቱ። «የዚችን ደግሜ አልሸከምም!»

እንጨቱ ተሰነጠቀ። ሰልማ በስንጣቂው እጇን አስገብታ መወርወሪያውን ስትስብ እጇ ተቧጨረ፤ አልተሰማትም።

መጋዘኑ ውስጥ ባዶ ካርቶን፣ የተሰበረ አልጋና አቧራ ነው ያለው። ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ለራሱ ሲሠራ ነበር። ሰልማ የስክሪኑን ቁልፍ ስትጫነው ሰማያዊ ብርሃን ክፍሉን ሞላው፤ ስሞች ተደርድረዋል። ከላይ የመጀመሪያው ስም ሰኪና ነው።

ዶክተሯ አጎንብሳ አየችው። አንድ ምስል፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሰልማ ስክሪኑን አልነበረም የምታየው፤ የዶክተሯን ፊት ነው። መነጽሯን እንዳታወልቅ በልቧ ትለምናለች።

አወለቀችው።

«ዘግቶታል» አለች። «ሙሉ በሙሉ።» ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ምስጋናው ጋ ደወለች።

ምስጋናው ከአንድ ቃል በላይ አልጠበቀም። ዶክተሯ «ሂድ» ስትለው ስልኩን ለነርሷ ሰጥቶ ወጣ፤ የሞተሩ ድምፅ ሲነሳና ሲርቅ በስልኩ ተሰማ። ዶክተር ዓይናለም እዚያው ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። «ስሚኝ ልጄ» አለቻት የማታውቃትን ነርስ። «አትፍሪ። እኔ አለሁ። እግሩን አትጎትቺ፤ እጅሽን ብቻ ከሥሩ አድርጊ። አሁን ምን ይታይሻል?»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ሰልማ ልትተርከው አትችልም። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ቆማ፣ አንዲት ያላየቻት ሴት በስልክ ውስጥ ስታምጥ እየሰማች፣ የእህቷን ወሬ ትጠብቅ ነበር። ሐጂ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዝናቡ መጣ። ሰልማ በሰፌድ የተሸፈነው ሳፋ በዓይኗ ላይ እየሄደ እየመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች፤ አልወረደች፣ ከሸንተረሩ አልወረደች።

በስልኩ ውስጥ ሕፃን አለቀሰ። ነርሷም አብራ አለቀሰች። ዶክተሯ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ» አለች፣ ግንባሯን ጠረገች፤ ያች ሴት ዳነች።

የሰልማ ስልክ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«እታለም!» የሰኪና ጩኸት ነው፣ ከማን እንደተዋሰችው በማይታወቅ ስልክ። «ምን ጉድ ነው የምታመጪብኝ? ልንወርድ ስንል ዝናብ ሲጥል ጊዜ ሰው ቤት ተጠግተን ነው እንጂ ይሄ ሰውዬ አያገኘንም ነበር። ከበቅሎ ላይ አውርዶ እንዳትነቃነቂ እያለኝ ነው። የኢምራን እናት በዱላ ልትለው ነበር፣ ወላሂ! አሁን ግን… እታለም፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ደም አየሁ። ፈራሁ።»

«ተኚ» አለች ሰልማ። «ዝም ብለሽ ተኚ። አምቡላንሱ ከዳባት እየተመለሰ ነው፤ ነርሷ ነግራናለች። እኔ አለሁ።» ድምጿ እንዳይሰበር ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ ስልኩ ሲዘጋ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ሰኪና ከመምሸቱ በፊት ጎንደር ገባች። ደሙ ቆሟል፤ ዶክተሯ የልጁን የልብ ምት ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የሆስፒታሉ አልጋ እስኪዘጋጅ ሰኪና ክሊኒኩ ምድር ቤት፣ ከመጋዘኑ ማዶ ባለው ክፍል ተኛች። አማቷ አጠገቧ ቆማ ሾርባ ጠጪ እያለች ትቆጣታለች፤ ሐጂ ለተሰበረው በር ታከለን እየሰደቡ ነው፤ ታከለ ደግሞ ጥፋቱን ሰምቶ ከፀዳ በሩጫ መጥቶ፣ የት እንደሚቆም ጠፍቶት ኮሪደሩ ላይ ይንቀዋለላል። ሰኪና ዳነች። ሰልማ የእህቷን እግር በጋቢ ሸፍና፣ ግንባሯን ስማ፣ የማሽኗን ገመድ ልትነቅል ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።

ዶክተር ዓይናለም ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ገመዱን አትንቀይ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ስልኩን ካርቶኑ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች፤ ምስጋናው መስመር ላይ ነው።

ሰልማ ያኔ ነው የገባት። ስሞቹ ተደርድረው ነበር። ከላይ ሰኪናን ብቻ አይታ ሌላውን አላየችም ነበር።

«አንድ በአንድ እጠራልሃለሁ» አለች ዶክተሯ። «እንዴት እንደሆኑ ንገረኝ። እጅጋየሁ።»

«ወልዳለች፣ ደህና ናት። ወንድ ልጅ» አለ ምስጋናው።

«ወለተሩፋኤል።»

«ገና ናት። ዛሬ ገበያ ላይ አይቻታለሁ፣ ሽንኩርት ስትሸጥ።»

«ነገ ጠዋት በአምቡላንስ ላካት። መንታ ናቸው፣ አንዱ ተጋድሟል።» ዶክተሯ ቀጣዩን ምስል ከፈተች። ብዙ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሽታዬ» አለች።

ምስጋናው ዝም አለ።

መስመሩ አልተቋረጠም። በጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማል፤ ዛሬ የተወለደው ሕፃንም ይሰማል።

«ምስጋናው?»

«ዶክተር» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ… ሳይደውሉ ሲቀሩ ደህና ነሽ ብዬ ሸኘኋት። ባሏ እንኳ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎኝ ነበር።»

ሰልማ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ማንበብ አልፈለገችም፣ ግን አነበበችው፤ ከሥሩም ገና ያልተጠሩ ስሞች አሉ። ከማዶ ክፍል ሰኪና ስትስቅ ይሰማል፤ አማቷ አንድ ነገር አስቂኝ ተናግራለች መሰለኝ። ከዚያ እንደልማዷ ሕንጻው እስኪሰማ ተጣራች።

«እታለም! የት ሄድሽ? እታለም! ምነው ዝም አልሽ?»